ደወሉ ሊደወል ሰባት ደቂቃ ሲቀረው

«ጋሽ ቀንስ» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ተማሪዎቹ ያወጡለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር፣ እኩልታ ላይ በደረሰ ቁጥር ቀኝ እጁን ወደ ጣሪያ ወርውሮ ግራ እጁን ወደ ወለል እየመለሰ፣ «የጨመርከውን ቀንስ፣ ወደ ቤትህ ተመለስ» ይላል። ቤት ይመታል፣ ለአፍ ይጥማል፣ ሲሉትም እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሒሳብ የሚባል ነገር ከአእምሯቸው ተጠርጎ የወጣ ሰዎች እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙት ቀኝ እጃቸውን ወርውረው ግራቸውን ይመልሱለታል። እሱም እንደ ሰላምታ ሳይሆን እንደ ሜዳሊያ ነበር የሚቀበላቸው።

ትምህርቱን የሚዘጋበት መንገድም አንድ ነው። ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር ያስቀምጣል፣ መዳፉን ያራግፋል፣ «ገባችሁ?» ይላል። ስልሳ አራት ጉሮሮ ባንድነት «ገባን!» ብሎ ይመልሳል። የገባውም ይላል፣ ያልገባውም ይላል፤ እንዲያውም ያልገባው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «አልገባኝም» ያለ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ወላጅ እንዲያመጣ ታዘዘ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ምክትል ርዕሰ መምህርቷ በአውቶቡስ ቲኬት ልክ በተቆረጠ ወረቀት ልትፈትሸው የመጣችው።

ምክትሏ ሩቅ ሰው አይደለችም። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ «ገባን» ስትል የነበረች የገዛ ተማሪው ናት። በኋላ ጂኦግራፊ አስተማረች፣ ፋይል አያያዟ ተወደደላት፣ ቢሮ ገባች። በዚያን ዕለት የመምህራን ስብሰባ ላይ ወረቀቷን በሁለት ጣቷ አንስታ አሳየቻቸው። የመውጫ ወረቀት ይባላል አለች። ደወሉ ሊደወል ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ጸሐፊዋ በታሸገ ፖስታ አንድ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች፤ መምህሩ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን ይጽፋል፤ ወረቀቱን ሳይሰጥ ከክፍል የሚወጣ የለም። የሚያርመው ቢሮው ነው እንጂ መምህሩ አይደለም፤ ሰው የራሱን ልጅ መልከ መልካም ነው ማለቱ አይቀርምና። ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የሚቀጥለው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ከሰባተኛ «ሀ» እና ከሰባተኛ «ለ» መምህራን ውጤቱ ለበለጠው ይሰጣል ስትል፣ ጋሽ ቀንስ ደሙ ፈላ።

ሰባተኛ «ሀ» የእሱ ነው። ሰባተኛ «ለ»ን የሚያስተምረው አዲሱ ነው፤ አዲሱ የሚሉት ከመጣ አራት ዓመት ቢሆነውም ከእሱ በኋላ ማንም ስላልመጣ ነው። ስምንተኛን ደግሞ ጋሽ ቀንስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዞታል። ትልቁን ፈተና የሚፈተኑት ስምንተኞች ናቸው፤ ወላጅ ስሙን የሚያውቀው የስምንተኛን መምህር ነው፤ መስኮቱ ሁሉ መስተዋት ያለው ክፍልም ፎቅ ላይ ያለው የእነሱ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከዚያ ክፍል ነበር መውጣት የፈለገው፤ ከሌላ ከየትም አይደለም።

«ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩትን ጣት በምታህል ብጣሽ ወረቀት?» አለ ከስብሰባው ሲወጣ፣ ለማንም ሳይሆን ለኮሪደሩ። አዲሱ ከኋላው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ትምህርቱ መቶኛ ነበር። ጋሽ ቀንስ ከጧት ጀምሮ እንደተናደደ ነው ያስተማረው። የአንድን ቁጥር አሥር በመቶ እንዴት እንደሚያወጡ አሳያቸው፣ ሃያ አሳያቸው፣ ሠላሳ አሳያቸው። ሰዓቱን ቢያይ ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። የጸሐፊዋ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማዋል። ይህን ጊዜ የሠፈሩ ዳቦ ቤት ባለቤት ልጅ እጇን አወጣች። ከሁለተኛው መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ፣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ልጅ ናት፤ እጇን የምታወጣው ከስንት አንዴ ነው።

«ጋሼ፣ በመቶም ቢሆን ሰው የጨመረውን ቢቀንስ ይመለሳል?»

በደህና ቀን ቢሆን ጥያቄው ምን ያህል ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ ይገባው ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮው ያለው ጫማው ላይ ነው።

«የትም ቢሆን ያው ነው፤ ቁጭ በይ» አለ።

ቁጭ አለች። «ገባችሁ?» አለ። «ገባን!» አሉት። በሩ ተንኳኳ፣ ጸሐፊዋ ፖስታዋን እንደ ታቦት ይዛ ገባች፣ እሱ ወጣ። ጥያቄው ሲነበብ ላለመስማት እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዶ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ቆመ። ከዚያ የገዛ ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ሲል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ስልሳ አራት እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ፣ ቅጠል ላይ ዝናብ የሚጥል ይመስላል። ይህም አናደደው።

ሰኞ ውጤቱ ተለጠፈ። ሰባተኛ «ሀ»፦ ዘጠና ነጥብ ስድስት በመቶ። ሰባተኛ «ለ»፦ ሃያ አንድ ነጥብ ሦስት በመቶ። ሥሩ ላይ ማኅተም አለ፤ ክቡ ማኅተም።

ጋሽ ቀንስ አንድ ጊዜ አንብቦ ማለፍ ሲችል አራት ጊዜ አነበበው። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቶ ለሁሉም ሻይ ጋበዘ፤ ይህም በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ስለ ወረቀቱ አሁን ሌላ አስተያየት ነበረው። ጠቃሚ ነገር ነው አለ፤ ስንዴና እንክርዳድ ይለያል አለ፤ ሲጀመርም እኮ አልተቃወምኩም አለ። የታሪክ መምህሩ ሻዩን እየማገ፣ ሲጀመር ያለው ነገር ኮሪደሩ ላይ አሁንም ይሰማል ቢለው፣ ሌሎቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። በድል ቀን ሰው በሁሉም ይስቃል።

አዲሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ብርጭቆውን ሁለት እጁ መሀል ያሽከረክራል። ጋሽ ቀንስ ወንበር ጎትቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል» አለ፤ ለማጽናናት እንጂ ለማዋረድ አልነበረም፤ ቢሆንም ሁለቱንም ሠራ። «ለመሆኑ ጥያቄው ምን ነበር?»

አዲሱ ከሸሚዙ ኪስ አንዷን ወረቀት አውጥቶ ከሻዩ ጎን አስቀመጠለት። ጋሽ ቀንስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ አነበበ። አንድ በርሜል ውስጥ ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ነበር። ውሃው በአሥር በመቶ ጨመረ። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ በአሥር በመቶ ቀነሰ። አሁን በርሜሉ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ አለ?

እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አውጥቶ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጫር ጫር አደረገ። የሁለት መቶ፣ አሥር በመቶው ሃያ። ሁለት መቶ ሃያ ሆነ። የሁለት መቶ ሃያ፣ አሥር በመቶው ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት ሲወጣ…

«መቶ ዘጠና ስምንት» አለ።

«የእኔ ልጆች አርባ አምስቱ እንደዚያ ነው ያሉት» አለ አዲሱ።

«ታዲያ ይሄ ሃያ አንድ ከየት መጣ?»

«ከመልስ ቁልፉ። የቢሮው የመልስ ቁልፍ ሁለት መቶ ነው ይላል።»

«ማን ነው ሁለት መቶ ያለው?»

«እርስዎ» አለ አዲሱ።

ክፍሉ ውስጥ ሻዩን በማንኪያ የሚያማስል ሰው ነበር፤ ማንኪያው ቆመ። ጋሽ ቀንስ ወረቀቱን አልሠራሁትም፣ ጥያቄውን አላየሁትም፣ ምን ነው ከጧቱ ስሜን ማንሳትህ ብሎ ተነሳበት። አዲሱ ሳይቸኩል ነገረው። ዐርብ ዕለት ቢሮ ሄዶ ወረቀቶቹ ሲታረሙ ቢያይ መልሱ ተሳስቷል ብሎ ነበር። ምክትሏ ፈገግ ብላ ቀኝ እጇን ወደ ጣሪያ ወረወረች፣ ግራ እጇን መለሰች፤ አንተ ስትድህ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው እንዲህ ያስተማረኝ፣ ጥርጥር ካለህ ሄደህ እሱን ጠይቀው አለችው።

«እና ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ሻዩን ጨርሰው እርስዎ እስኪጠይቁኝ ነበር የምጠብቀው።»

ጋሽ ቀንስ ሻዩን አልጨረሰም።

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሲናገሯት ፔዳሏን አታቆምም፣ ጆሮዋ ግን አይስትም። ጥፋተኞቹን በተራ ቆጠረላት። ምክትሏ አንደኛ፤ የማታውቀውን ጥያቄ ምን አስወጣት? አዲሱ ሁለተኛ፤ ዐርብ ያወቀውን እስከ ሰኞ አፉ ውስጥ ይዞ ማደሩ። ጸሐፊዋ ሦስተኛ፤ ጫማዋ። አራተኛው መጽሐፉ፣ አምስተኛው ወረቀቱ ራሱ። ሴትዮዋ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና መኪናዋን አቆመች፤ ይህ ደግ ምልክት አይደለም።

«ያቺን ግጥምህን እኔም ላይ ትላት ነበር» አለች። «ሾርባ ጨው ሲበዛበት ‹የጨመርሽውን ቀንሺ› ትለኛለህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካንድ ድስት ጨው ስቀንስ አይተኸኛል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ገባሽ?› ትለኛለህ፣ ‹ገባኝ› እልሃለሁ፣ ትተኛለህ። እኔም ሥራ አለኝ።» ፔዳሏን መልሳ ረገጠች።

በማግሥቱ ከሰልፉ በፊት ጸሐፊዋ ዘንድ ሄዶ የሰባተኛ «ሀ»ን ወረቀቶች አምጪ አላት። ያለ ምክትሏ ፈቃድ አይሆንም አለች። አተኩሮ አያት። ጸሐፊዋም የትዳር ዘመኗን ሙሉ ከተናዳጅ ሰው ጋር የኖረች ሴት ስለሆነች የቱን ቁጣ ማባበል እንደሚቻል የቱን እንደማይቻል ታውቃለች፤ ካርቶኑን ሰጠችው። ባዶ ክፍል ገብቶ እንደ ካርታ ደረደራቸው። አምሳ ስምንቱ ሁለት መቶ። ሁለቱ መቶ ሰማንያ፤ እነዚህስ ቢያንስ በራሳቸው መንገድ ነው የጠፉት። አራቱ መቶ ዘጠና ስምንት፤ አራቱም ላይ ቀይ ኤክስ ተሰምሮባቸዋል። የሁለት መቶዎቹን ክምር ደግሞ አንድ በአንድ አየ። ስሌት የለም፤ ጭረት እንኳ የለም። ልጆቹ አላሰሉም፤ ዘፈኑት።

አንዷ ወረቀት ላይ ግን ስሌት አለ። በደቃቅ ጽሕፈት ሃያ ተደምሯል፣ ሃያ ሁለት ተቀንሷል፣ መቶ ዘጠና ስምንት ተጽፏል። ከዚያ አንድ መስመር፣ በማስመሪያ፣ በሥርዓት፤ መቶ ዘጠና ስምንት ተሰርዟል። አጠገቡ ሁለት መቶ። በቀይ እስክሪብቶ የራይት ምልክት ተደርጎለታል። ወረቀቷ ጥግ ላይ የጣት አሻራ የሚያህል ዱቄት ነበር።

ኮሪደር ላይ አስጠራት። መጣች፤ ወረቀቷን እጁ ላይ ስታይ ቀለሟ ተለወጠ።

«ይሄን የሰረዝሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከጎንሽ ካለው ገልብጠሽ ነው?»

«አይደለም።» ወለሉን እያየች ነው የምትናገረው። «ሳሰላው መቶ ዘጠና ስምንት መጣ። ከዚያ ‹የትም ቢሆን› ያሉኝ ትዝ አለኝ።»

«አስልተሽ አግኝተሽው ሳለ ትሰርዣለሽ?»

«እርስዎ ከሚሳሳቱ እኔ ተሳስቼ ነው የሚሆነው ብዬ ነው።»

ሊጮህባት አፉን ከፈተ። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደው አፍ ነውና ቃሉ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንጎል የለሽም፣ ራስሽን አታምኚም የሚል ነገር። ግን ራሷን አምና ቆማ ሳለ ቁጭ በይ ያላት ማን ነው? ቁጣው የሚያርፍበት አጣ። ክፍልሽ ግቢ አላት። ገባች። እሱ በቆመበት ቀረ፤ ወረቀቷ እጁ ላይ ነው፤ የሚደበድበው ሰው እንደጠፋበት ሰው ግድግዳውን ያያል።

ከዚያ ምክትሏ ቢሮ ሳያንኳኳ ገባ።

ጋሼ ይቀመጡ አለች፤ አልተቀመጠም። ወረቀት አምጪ አላት። በርሜልሽን አሳዪኝ አላት። ሁለት መቶ ሊትር፣ አሥር በመቶ፣ ስንት ነው? ሃያ አለች፣ ፈገግታዋ ገና አልወረደም። ስንት ሆነ? ሁለት መቶ ሃያ። የሁለት መቶ ሃያስ አሥር በመቶ? እስክሪብቶዋ ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ እንደገና አየችው፤ ብርሃኑ ቁጥሩን የሚለውጠው ይመስል። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች። በዚያ ትምህርት ቤት የቢሮ በር የሚዘጋው ሰው ሲሞትና ሰው ሲሳሳት ነው።

የተናገረችው ሁሉ ምክንያት ያለው ነገር ነበር። ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄዷል። ወላጅ ኮሚቴ ፊት ተነቧል፤ ተጨብጭቧል። አሁን ተሳስተናል ቢባል ወረቀቱ ራሱ ይቀራል፣ ነገ ማንም አይቀበለውም። ስለዚህ ጋሼ እንዲህ ይሁን፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጥያቄ ይወጣል፣ ይኼኛው ፋይል ውስጥ ይተኛል። የስምንተኛ ምደባ ደግሞ ተጽፏል፤ በእርስዎ ስም ነው፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። የምደባውን ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየችው። እውነትም በእሱ ስም ነበር።

«አዲሱስ?»

«እሱ ወጣት ነው፤ ይደርስበታል።»

ጋሽ ቀንስ ወረቀቱን አየ። እንዳይዋሽ እንዲህ ነው፤ አየው፣ ደግሞም አየው። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል መጣበት፣ የጧት ፀሐይ በመስተዋቱ ሲገባ፣ ወላጆች በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ። ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ምን አላት? ደግሞስ የመልስ ቁልፉን የጻፈው እሱ ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚሉት፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም? ይህን ሲያስብ አፉ ቀደመው።

«የማታውቂውን ነገር ለምን ጠየቅሽ?» አላት።

ያኔ ነው ምክትሏ የተቆጣችው። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ጋሼ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት? ደብተሬ እናቴ ቤት አለ፤ መቶኛ ከሚለው ርዕስ ሥር ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ በቀይ ‹ጎበዝ› ብለው ፈርመውበታል። ሃያ አንድ ዓመት ይዤው ዞርኩ። ልጄን አስተማርኩበት። ‹ገባችሁ?› አሉን፣ ‹ገባን› አልን። ምን ልንል ኖሯል?»

ግቢው ውስጥ ስፖርት ያላቸው ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ ይሰማል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይህንን ነው፤ ያውም የሃያ ስድስት ዓመት ወለምታ።

«ያን ቀን ይቺን ብጣሽ ወረቀትሽን ሰጥቼሽ ቢሆን ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «በማግሥቱ አውቀው ነበር።» እያንዳንዱ ቃል ሲወጣ እንደ ኮሶ መረረው፤ ወረቀቱን የሰደበበት አፍ ነውና። የምደባውን ወረቀት ወደ እሷ መልሶ ገፋው። በሩን ከፈተ፤ ሲወጣም አልዘጋውም።

ማስታወቂያ ሰሌዳው የሽቦ መዝጊያ አለው፤ ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ነው። ዘበኛው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ያስተማረው ተማሪው ነው። ጋሽ ቀንስ ሲመጣ አይቶ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ፣ ግራውን ወደ መሬት መለሰ፣ ሳቀ። «እጅህን ሰብስብ፣ ቁልፉን አምጣ» አለው። ዘበኛው እጁንም ሳቁንም ሰበሰበ።

በቀይ እስክሪብቶ ሠራ። ዘጠና ነጥብ ስድስትን ሰረዘ፤ ስድስት ነጥብ ሃያ አምስት ብሎ ጻፈ። ሃያ አንድ ነጥብ ሦስትን ሰረዘ፤ ሰባ ሦስት ነጥብ ስምንት ጻፈ። ሥሩ ላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ «መልሱ 198 ነው። ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ ሙሉ ስሙን አሰፈረ። ብዙዎቹ ተማሪዎች አባት እናቱ ያወጡለትን ስም ያን ቀን ነው ያወቁት። የታሪክ መምህሩ ከኋላ መጥቶ አነበበና፣ ሻዩ ይመለሳል እንዴ ሊል ፈልጎ የጋሽ ቀንስን ፊት ሲያይ ተወው።

ስምንተኛ ለአዲሱ ተሰጠ። ጋሽ ቀንስ ጨዋ ሰው ስለሆነ ደስ ብሎት ተቀበለ የሚል ካለ አያውቀውም። ሳምንት ሙሉ ለማንም ሰላም አላለም። ምክትሏም አላናገረችውም፤ ማኅተም ያለበት ነገር ላይ መጻፍ ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ ግን ደረሰው፤ ማኅተም አለበት። አዲሱ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ እንዲህ እንዲሆን አልነበረም የፈለግኩት ሲለው፣ «ዝም በልና ጠመኔ ካለህ ስጠኝ» አለው። አዲሱ ሁለት ሰጠው።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ቀንስ ሰባተኛ «ሀ» ገብቶ ያለ መግቢያ፣ ባለፈው «የትም ቢሆን» ያልኳችሁ ልክ አይደለም አለ። ልጆቹ ተያዩ፤ መምህር እንዲህ ሲል ፈተና አለ ማለት ነው። በርሜሉን ሰሌዳ ላይ ሣለ። ሃያ የጨመረው የሁለት መቶ ነው፣ ሃያ ሁለት የቀነሰው የሁለት መቶ ሃያ ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አሥር በመቶ ብትሉትም ያንዱ አሥርና የሌላው አሥር እኩል አይደለም አለ። ሦስት ጊዜ አስረዳ፤ በሦስተኛው ራሱንም ደስ አለው። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ መዳፉን አራገፈ፣ «ገባ…» ሳይጨርስ፣

«ገባን!» አሉት።

«ማን ጠየቃችሁ? ወረቀት አውጡ።»

ደብተር ተቀደደ፤ ማንም ፖስታ አላመጣም፤ ማንም አልወጣም። በርሜሉ መቶ ሊትር ነበረው፣ በሃያ በመቶ ጨመረ፣ በሃያ በመቶ ቀነሰ። ስም ይጻፋል ወይ አሉት። አይጻፍም፤ የምቀጣው ሰው አልፈልግም፣ የምፈልገው ስህተቴን ነው አለ። በሩ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን እየተቀበለ አነበበ። ደወሉ ተደወለ፤ ቀጣዩ መምህር መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ፤ ይቁም። ዘጠና ስድስት። መቶ። መቶ። ዘጠና ስድስት። መቶ። መቶ። ሠላሳ አንድ ልጅ አሁንም መቶ ብሏል። ከግማሽ ትንሽ ቢጎድል ነው። ጆሮው ጋለ። ሦስት ጊዜ! ሦስት ጊዜ አፌን እስኪያመኝ!

የዳቦ ቤቱ ልጅ የመጨረሻዋ ነበረች። ወረቀቷ ላይ ዘጠና ስድስት አለ፤ ስርዝ የለውም። ሰጥታው አልወጣችም።

«ምንድነው?» አላት።

«ጋሼ፣ እጅዎ» አለች።

«እጄ ምን ሆነ?»

«ሲያስረዱን ‹ጨመረ› ሲሉ ቀኝዎን ወረወሩ፣ ‹ቀነሰ› ሲሉ ግራዎን መለሱ። ሦስቱንም ጊዜ። ከኋላ ያሉት የሚያዩት እጅዎን ነው።»

ጋሽ ቀንስ ሁለት እጆቹን አያቸው። እዚያው ነበሩ፤ ጠመኔ እንደለበሱ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ተንጠልጥለው። ቢችል ያን ጊዜ ወላጅ አምጡ ይላቸው ነበር።

በማግሥቱ ሰባተኛ «ሀ» ሲገባ ግራ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። በርሜሉን እንደገና ሣለ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አላወጣውም፤ ጨርቁን እንደጨበጠ መቆየቱ ከውጭ ይታይ ነበር። ሰባት ደቂቃ ሲቀረው «ገባችሁ?» ሳይል ጠመኔውን አስቀመጠና፣ በአንድ እጁ በሩን ዘግቶ፣ «ጻፉ» አለ።